የምጽዋ መንገድ ጨርቅ

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ላይ የተሳፈርኩባት ሚኒባስ ልትነሣ ስትል እምቢ አለች። ሹፌሩ ምሳውን በልቶ መመለሱ ነበር፤ ሞተሩ እንደጋለ ነው። ቁልፉን አዞረ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ወዲያው የቤንዚን ሽታ መኪናውን ሞላው። ረዳቱ በሩን ከፍቶ፣ "ወንዶች፣ ወረድ በሉና እንግፋት!" ሲል ሰዉ ምንም ሳይጠይቅ መውረድ ጀመረ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ፣ የገዛሁትን ሽንኩርት እንዳቀፍኩ፣ "ቆይ! አትግፉ!" አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። አጠገቤ የነበረች ወጣት ዞር ብላ፣ "እትዬ፣ መካኒክ ነዎት እንዴ?" አለችኝ።

መካኒክ አይደለሁም። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ያውም ከክፍል ውጭ ድምፄ የማይሰማ። መንገድ ላይ ስጮኽ ይህ ሁለተኛዬ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው አሥመራ ነበር፤ የጮኽኩትም በአባቴ መኪና ምክንያት ነው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ወሩ ግንቦት ነበር። ነፃነት ከመጣ ብዙ አልቆየም፤ ሰዉ ያለ ሰዓት እላፊ ዋናውን ጎዳና ሞልቶ መንሸራሸሩን ገና አልጠገበውም። እኔ አዲስ አበባ ተምሬ ተመልሼ ጥራቮሎ በሚገኝ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀምሬ ነበር። አባቴ ሰይድ በጎረምሳነቱ ከወሎ ወጥቶ አሥመራ የገባ፣ ዕድሜውን በሙሉ ከምጽዋ አሥመራ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። ጉልበቱ ሲደክም ማይ ተመናይ አጠገብ ስኳርና ሻሂ ቅጠል፣ ሳሙናና ክብሪት የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ቤታችን ገጀረት፣ ከአንድ አሮጌ የጣሊያን ቪላ ጀርባ ነበር። ጠዋት ከገጀረት ወደ ሱቁ፣ ማታ ከሱቁ ወደ ገጀረት የምታመላልሰው መኪና ነበረችው።

ስለ መኪናዋ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ጀርመን ሠራሽ ናት፤ ቀለሟ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ የቤንዚን ታንከሯ ከፊት፣ ዕድሜዋም ከእኔ ብዙ አያንስም። አባቴ የገዛት ከዚያ ግንቦት በፊት በነበረው ክረምት፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያናዊ ነው። ካርቡራቶር የላትም። ቤንዚኑ በኤሌክትሪክ ፖምፓ እየተገፋ በቀጫጭን አፎች ወደ ሞተሩ ይረጫል፤ የሚረጨውን መጠን የሚወስነው ሬዲዮ የምታህል አንዲት የብረት ሣጥን ናት። ኢንጄክሽን የሚባለው ነው። "ካርቡራቶር የላትም" የሚለውን ቃል በዚያ ሰሞን ለስንቱ ሰው እንደተናገርኩ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። የሰማኝ ግን አልነበረም።

ያን ቅዳሜ ከሱቅ ስንመለስ አባቴ እንደ ልማዱ ጥራቮሎ ካለችው የተስፋይ ቡና ቤት በር ላይ አቆመ። እንደ ድሮ የጭነት መኪና ልማዱም የኋላውን ክዳን ከፈተ፣ ከወንበር ሥር የውኃ ጣሳውንና የጆንያ ጨርቁን አወጣ፣ ጨርቁን ነክሮ ሞተሩ ላይ አለበሰው። የምጽዋ መንገድ ሹፌር ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ከጊንዳዕ ብርቱካን ጭነው ነፋሲትን ሲወጡ ሞተሩ ይግልና ቤንዚኑ ቧንቧው ውስጥ ይተንናል፤ ያኔ መድኃኒቱ ሞተሩ ጎን ላለው ፖምፓ እርጥብ ጨርቅ ማልበስ ነው። "ጨርቅ ፖምፓ ላይ" ይል ነበር አባቴ፣ ሌላው ሰው "ቢስሚላህ" እንደሚል። በክረምትና በብርዱ ወራት ጨርቁ ከወንበር ሥር ይተኛል። ግንቦት ሲገባና ፀሐይዋ ስትበረታ ይወጣል።

እሱ ገብቶ ከጓደኞቹ ጋር ተቀመጠ። እኔ ወንድ የሞላበት ቡና ቤት መግባት ስለማፍር ማኪያቶዬን ተስፋይ እስከ መኪናው ድረስ አመጣልኝ፤ ከማኪያቶው ጋር ትኩስ የባኒ ዳቦ በማርማላታ። አባቴ ተመልሶ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሯ ተንገጫገጨች እንጂ አልተነሣችም።

የአሥመራ ሰው መኪና መግፋት ይወድዳል። እንዴት ብዬ ላስረዳ! ኮቱ የተተኮሰ፣ ባርኔጣው የተወለወለ ሽማግሌ ሲኒውን መስኮት ላይ አስቀምጦ ይመጣል። የማያውቅህ ብስክሌተኛ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይመጣል። ማንም ምን ሆነህ አይልህም።

"ሃየ፣ ንድፋእ! እንግፋት እንጂ!" አለ ተስፋይ ሽርጡን ወደ ጎን እየጠመዘዘ። "ኣቦይ ሰይድ፣ ማርሽ ያስገቡ! ሓደ፣ ክልተ..."

ገፏት፣ ተነሣች። "የቐንየለይ፣ የቐንየለይ" እያልን፣ እያመሰገንን ሄድን። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት፣ አባቴ ለማኪያቶ በቆመ ቁጥር ማለት ይቻላል፣ መገፋት ሆነ። ጠዋት ከቤት ስትነሣ ግን አንድም ቀን አልከለከለችንም።

ምክር ዘነበ። አንዱ "ካርቡራቶሩ ቆሽሿል" ይላል። ካርቡራቶር የላትም እለዋለሁ፣ በሹክሹክታ። "እሱስ ልክ ነሽ፣ ግን ቢጸዳ ጥሩ ነው" ይለኛል። አንዱ ካንዴላ ይፈታል፣ አንዱ ሽቦ ይነቀንቃል፣ አንዱ ባትሪውን በቡጢ ይመታል፣ አንዱ "ሙቀቱ ነው እኮ" ብሎ ጨርቁ ላይ ውኃ ይጨምራል፣ ሌሎቹ ይገፋሉ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ! ስትነሣ ሁሉም የእኔ ነው ይላል። ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ለውጠሽ ጠብቂ ተብዬ የተማርኩ ሰው ነኝ። እዚያ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ጥርሴን ነክሼ፣ እባካችሁ አንዳችሁ ብቻ፣ አንድ ነገር ብቻ፣ እል ነበር፤ በሆዴ።

መካኒኩ ኣያ ግርማይ ዘንድ ወሰድናት። ደግና ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ከተማውን ዙሮባት መጣ፣ አቆማት፣ ሻሂ ጠጣ፣ አስነሣት፤ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። ደግሞ ሞከረ፤ ተነሣች። "ጓለይ፣ ይህቺ ማኪና ጤነኛ ናት" አለኝ። የእኔንም አለማመን አይቶ ክዳኑን ከፍቶ እያንዳንዱን ዕቃ አሳየኝ። ከሞተሩ አናት ላይ ወዳለች አውራ ጣት የምታህል የነሐስ ነገር ሲደርስ፣ "እዚኣ ናይ ቁሪ እያ" አለ። "የብርድ ናት። ጠዋት ብርዱ ሲሰማት፣ ቁልፍ ስታዞሪ ትርፍ ቤንዚን ታስረጫለች። ስትሞቅ ትተኛለች። የእናንተ ችግር በሙቀት ነው፤ ይህቺን ተያት።" ልክ ነበር የተናገረው። ተውኳት።

"እና ምንድን ነው ታዲያ?" አልኩት።

ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ምናልባት ኣቦኺ፣ አባትሽ፣ ፔዳሉን ይረግጡት ይሆናል። ዕድሜም አለ" አለኝ።

ይህ ቃል ከእኛ ቀድሞ ቤት ገባ። ዓርብ፣ እናቴ ዝግኒ ሠርታ ተሰብስበን ስንበላ ታላቅ ወንድሜ ጀማል ጉሮሮውን ጠረገ። ጀማል ቸኩሎ የሚናገር፣ ቸኩሎ የሚቆጭ ሰው ነው።

"አባ፣ እስከ መቼ ነው ከተማው ሁሉ የሚገፋህ?"

አባቴ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

"መኪናው ጤነኛ ነው ተብሏል" ቀጠለ ጀማል። "እጅህ ደክሟል፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሁሉም ይደክማል። እሑድ ጠዋት አንድ ሰው ይመጣል፤ ፈትቶ መለዋወጫዋን ይሸጣታል። ቁልፉን ስጠኝና ዕረፍ። ሱቅ እኔ አደርስሃለሁ።"

እናቴ፣ "ትናንት ጋሪ መንዳት የጀመረ አስመሰልከው እኮ! የነፋሲትን ጠመዝማዛ በጭጋግ የወጣ ሰው ነው" አለች። አባቴ ግን ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አኖረውና እጆቹን አገላብጦ አያቸው። እኔ ከዚያ ቀን በፊት አባቴ የራሱን እጆች ሲመለከት አይቼ አላውቅም። ከዚያ፣ "እሺ፣ እሑድ" አለ።

ተናደድኩ። በጀማል፣ በካርቡራቶሩ ወሬ፣ በገፊው ሁሉ፣ ከሁሉ በላይ አፍ እያለኝ በማልናገረው በራሴ። እንዲያ ተናድጄ ዕቃ ሳጥብ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ባለፈው ማክሰኞ በሰፈራችን ውኃ ጠፍቶ ነበር። የአባቴ ጣሳ ባዶ ነበረች። ያን ዕለት ማኪያቶ ጠጥተን ስንወጣ መኪናዋ ያለ ገፊ ተነሣች፤ አባቴም "ዛሬ ደስ ብሏታል" ብሎ ስቆ ነበር። ኣያ ግርማይም ጣሳ የለውም። ሲሞክራት ጨርቅ አላለበሳትም።

ግን እንዴት? ጨርቁ ያቀዘቅዛል እንጂ ምን ይጎዳል? አልገባኝም። ለአባቴ ደግሞ "ጨርቅህ ነው" ማለት አልችልም። ሳይጣራ ብናገር እጁ ደክሟል በተባለ ማግስት እውቀቱም ተበላሽቷል ማለት ይሆናል። ማየት ነበረብኝ። የቀረኝ ደግሞ ቅዳሜ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሱቅ ስንመለስ፣ "አባ፣ ማኪያቶ አትጋብዘኝም?" አልኩት። እኔ ጠይቄው አላውቅም። የመጨረሻዋ ቀን መሆኑን እሱም ያስብ ነበር መሰለኝ፣ "ምነው አልጋብዝሽ፣ ሐዩዬ" ብሎ ተስፋይ በር ላይ አቆመ። ክዳኑን ከፈተ፣ ጨርቁን ነከረ፣ አለበሰ፣ ገባ። እኔ ማኪያቶዬን ይዤ ጠበቅሁ። ተመልሶ ቁልፉን አዞረ። እምቢ። ደገመ። እምቢ። የቤንዚኑ ሽታ ከኋላ መጣ፤ ሽታውን ለየሁት። ጠዋት ጠዋት፣ ብርድ ላይ ስናስነሣት ለአፍታ የሚሸተን ያው ሽታ ነው።

ወርጄ ወደ ኋላ ሄድኩ። የጨርቁን ጫፍ ገለጥኩ። ጨርቁ የተኛው ያቺ የነሐስ ነገር ላይ ነበር። ነካኋት፤ እንደ ንጋት ድንጋይ ቀዝቃዛ ናት። ከአጠገቧ ያለው ብረት ግን ጣቴን አቃጠለኝ። ያኔ ገባኝ። መኪናዋ በግንቦት ፀሐይ መኻል ጠዋት የሆነ መስሏታል። ቁልፉ በዞረ ቁጥር ለሌለ ብርድ ትርፍ ቤንዚን እየረጨች የጋለውን ሞተር በቤንዚን ታሰጥመዋለች። ሲገፏት የምትነሣውም ለዚህ ነው፤ ሲገፏት ቁልፉ እስከ ማስነሻው አይዞርም፣ ትርፉም አይረጭም።

ቀና ስል ተስፋይ ሽርጡን ጠምዝዞ፣ ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ ሲኒውን መስኮት ላይ አኑሮ፣ ብስክሌተኛው እጁን ክዳኑ ላይ አድርጎ ነበር።

"ሃየ፣ ንድፋእ! ሓደ..."

ከገፏት ትነሣለች። ከተነሣች ምንም አላውቅም፣ ምንም ማሳየት አልችልም፣ ነገ ጠዋትም ሰውዬው መፍቻውን ይዞ ይመጣል።

"ኣይትድፍኡ!"

"አትግፉ" ብሎ ማን እንደጮኸ ለማየት እኔም ዞር ያልኩ ይመስለኛል። ሁሉም እጁን አነሣ። ተስፋይ አፉን ከፍቶ ቀረ። "እንታይ ደኣ? ይህቺ ልጅ ድምፅ አላት እንዴ?" አለ ወደ አባቴ እያየ።

"ማንም እንዳይነካት" አልኩ። "እባካችሁ። ግቡና ጠጡ። ትንሽ እንጠብቅ።"

አልገቡም። የማይነሣ መኪና አጠገብ እጅን አጣጥፎ መቆም ለአሥመራ ሰው ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ ያን ቀን አየሁ። አንዱ እጁን ኪሱ ይከታል፣ ያወጣል። ሽማግሌው በከዘራቸው ጎማዋን ቀስ ብለው ነካ አደረጓትና እኔን አይተው መለሱ። እኔ ጨርቁን አንሥቼ ይዣለሁ፤ ውኃው ቀሚሴ ላይ ይንጠባጠባል። የነሐሷ ነገር ከሞተሩ ጋር እኩል እስክትግል ጠበቅሁ። ከዚያ አባቴን፣ "ፔዳሉን እስከ ታች ረግጠህ አዙር" አልኩት። ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተነሣች።

ሰዉ ጮኸ። እኔ ግን አልበቃኝም። "አባ፣ እስከ ገጀረት ደርሰን እንመለስ" አልኩት። ደርሰን ተመለስን፤ ያው በር ላይ ቆምን። አባቴ ወርዶ እጁ ወደ ወንበሩ ሥር ሄደ። ጨርቁ ግን ጭኔ ላይ ነበር። አየኝና ገብቶ ሌላ ማኪያቶ ጠጣ። ቡና ቤቱ በሙሉ በሩ ላይ ተሰልፎ መኪናዋን ያያታል። ተመልሶ ቁልፉን አዞረ። ገና ሳይጨርሰው ተነሣች።

"እሞ፣ እንታይ ነይሩዋ?" አለ ተስፋይ። "ንገሪን እንጂ፣ ምን ነበረባት?"

ሁሉም እኔን አዩ። አባቴም አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑ ወርዶ እጄ ላይ ካለው ጨርቅ ደረሰ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ገብቶታል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የምናገረውን እየጠበቀ ነበር።

"ጨርቁ ቦታው አይደለም" አልኩ። "አባቴ ሁልጊዜ ጨርቅ ፖምፓ ላይ ነው የሚለው። የዚህች መኪና ፖምፓ ግን ከፊት ነው፣ ታንከሩ ሥር። ከኋላ ስናለብሳት ብርድ መታት።"

እውነት ነው የተናገርኩት፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። አባቴ መሪውን እንደያዘ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"አላልኳችሁም?" አለ ተስፋይን። "ጨርቅ ፖምፓ ላይ ነው ብዬ ስንት ዓመት ነገርኳችሁ! ትሰማላችሁ እናንተ?"

"እወ፣ ብለዋል" አለ ተስፋይ እየሳቀ። "እንዲያውም እኛ ነን ስንገፋ ያበላሸናት!"

ቤት ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ነበር። ጀማል በር ላይ ቆሞ ጆሮውን እያከከ፣ "ሰውዬው እኮ ነገ ይመጣል፣ ቃል ሰጥቻለሁ" አለ። አባቴ ቁልፉን ኪሱ ከተተና፣ "ይምጣ። ሻሂ ይጠጣና ይሂድ" አለው።

ኮምቦልቻ ላይ ሚኒባሷን ገፏት፤ የሰማኝ የለም። ተነሣች። ነገም እንዲሁ ትቆማለች፣ እንዲሁም ይገፏታል። ስለ ሞተር የማውቀው ከዚያ በኋላ ብዙም አልጨመረም፤ ስለ ሰው ግን አንድ ነገር ይዤ ቀረሁ። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ይዞት የመጣው እውቀት ሲያሰናክለው፣ ብዙ ጊዜ እውቀቱ ውሸት ሆኖ አይደለም። መኪናው ተለውጦ፣ ፖምፓው ከነበረበት ሄዶ ነው። አዲሱን ቦታ የሚያሳየው እስኪያገኝ ድረስ ደግሞ እጁ ደክሟል ይሉታል።

የዚያ ቅዳሜ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት፣ ከሁሉም ቀድሜ ተነሣሁ። የአሥመራ ንጋት በግንቦትም ይቆረጥማል፤ የመኪናዋ ጣራ በጤዛ ርሶ ነበር። ጣሳዋን ከቧንቧው ሞላሁ፣ ጨርቁን ነከርኩ፣ መሬት ላይ ጆንያ አንጥፌ በጀርባዬ ከፊቷ ሥር ገባሁ። ፖምፓዋን በዳበሳ አገኘኋት። ጨርቁን ጠመጠምኩባትና በሲባጎ ማሰር ጀመርኩ፤ ውኃው በክንዴ ወርዶ ብብቴ ገባ። በዚያ ብርድ ጨርቅ እንደማያስፈልጋት አውቅ ነበር። የአባቴ ነጠላ ጫማ በግቢው ጠጠር ላይ መጥቶ ጆሮዬ አጠገብ ቆመ።

"አጥብቀሽዋል?" አለኝ።

"ቆይ" አልኩትና አንድ ጊዜ ደግሜ ቋጠርኩት።